ደም የፈሰሰበት እሑድ በደሪ፦ ጥያቄና መልስ

የሰሜን አየርላንድን የግጭት ዘመን የሕግ ሰነዶች ለዓመታት ሳነብ ስለቆየሁ፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 1972 በደሪ ከተማ የብሪታንያ ወታደሮች በመብት ሰልፈኞች ላይ ስለተኮሱበት ዕለት ለምታቀርቡት ጥያቄ መልስ እንድሰጥ ተጠይቄያለሁ። ተመሳሳይ የሆኑትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ ጥር 21 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት ነበር።

ጥያቄ፦ ነገሩን ጨርሶ ለማያውቅ ሰው፣ በዚያ ቀን የሆነው በአጭሩ ምንድን ነው?

መልስ፦ የሰሜን አየርላንድ የሲቪል መብቶች ማኅበር ሰዎች ያለ ፍርድ መታሰራቸውን ለመቃወም ሰልፍ ጠራ። ሰልፉ ክሬጋን ከሚባለው ሰፈር ተነሥቶ በመሃል ከተማ ወደሚገኘው የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ፣ ወደ ጊልድሆል ለመድረስ ያሰበ ነበር፤ ጦሩ ግን መንገዱን በኬላ ዘግቶ ጠበቀው። አዘጋጆቹ ግጭት እንዳይፈጠር ሰልፉን ወደ ሮስቪል ጎዳና አጥፈው ፍሪ ደሪ ኮርነር ወደሚባለው ቦታ መሩት፤ ንግግሩም እዚያ ሊደረግ ነበር። ጥቂት ወጣቶች በዊልያም ጎዳና ኬላ ዘንድ ቀርተው ድንጋይ መወርወር ጀመሩ፤ ወታደሮቹም በጎማ ጥይት፣ በአስለቃሽ ጭስና ቀለም በተቀላቀለበት ውሃ መለሱላቸው። እስከዚህ ድረስ ያለው በዚያ ዘመን ለደሪ ሰው አዲስ ነገር አልነበረም። በእኛ ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ግን የፓራሹት ሬጅመንት (የአየር ወለድ ጦር) አንደኛ ሻለቃ ወታደሮች በብረት ለበስ ተሽከርካሪና በእግር ቦግሳይድ ወደሚባለው ሰፈር ገብተው፣ በ10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከ100 በላይ ጥይት ተኮሱ። 13 ሰዎች ሞቱ፤ 15 ያህል ቆሰሉ። ከሟቾቹ ስድስቱ ገና 17 ዓመታቸው ነበር።

ጥያቄ፦ አንዳንድ ቦታ 13፣ ሌላ ቦታ 14 ሞቱ ይባላል። የትኛው ነው ትክክሉ?

መልስ፦ በዕለቱ የሞቱት 13 ናቸው። የ59 ዓመቱ ጆን ጆንስተን ወታደሮቹ ወደ ሰፈሩ ከመግባታቸው በፊት ዊልያም ጎዳና ላይ ቆስለው፣ በዚያው ዓመት በጁን ወር አረፉ። የከተማው ሰው 14ኛ ሟች አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ በ1998 የታወጀውና በዳኛ ሎርድ ሳቪል የተመራው ሁለተኛው አጣሪ ጉባኤ ግን የሞታቸው ምክንያት ቁስሉ አልነበረም ብሏል።

ጥያቄ፦ ብሪታንያ የፓርላማ ሥርዓት እናት ትባላለች። በእንዲህ ያለ አገር ሰዎች የመብት ሰልፍ የሚወጡት ምን ጎድሎባቸው ነው?

መልስ፦ ይህ በቂ ቦታ ሊሰጠው የሚገባ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ነገሩን የሃይማኖት ጠብ ብቻ አድርጎ ስለሚያየው ነው። በ1921 አየርላንድ ለሁለት ስትከፈል ሰሜኑ ክፍል የራሱ ፓርላማ ተሰጥቶት በብሪታንያ ሥር ቀረ፤ ከዚያም ለ50 ዓመት ያህል አንድ ፓርቲ፣ ከብሪታንያ ጋር ያለውን አንድነት የሚደግፉት፣ በአብዛኛው ፕሮቴስታንት የሆኑት የዩኒየኒስቶች ፓርቲ፣ ያለ ተቀናቃኝ ገዛው። አብዛኞቹ ካቶሊኮች በምርጫ የሚለወጥ መንግሥት አይተው አያውቁም።

ደሪን በቅርብ ብናያት ነገሩ ግልጽ ይሆናል። የከተማዋ ነዋሪ አብዛኛው ካቶሊክ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከተማዋ በሦስት የምርጫ ቀበሌዎች ተሸንሽና አብዛኛው የካቶሊክ መራጭ በአንዱ ብቻ እንዲታጎር ስለተደረገ፣ ከ20ዎቹ የማዘጋጃ ቤት ምክር ቤት መቀመጫዎች 12ቱ የዩኒየኒስቶች ነበሩ። በዚህ ላይ በአካባቢ ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው የቤት ግብር የሚከፍለው አባወራና የትዳር ጓደኛው ነበር፤ ከወላጆቹ ጋር የሚኖር ወይም ክፍል ተከራይቶ ያለ ሰው ድምፅ የለውም፤ የድርጅት ባለቤት ደግሞ ተጨማሪ ድምፅ ሊኖረው ይችላል። እንግዲህ የማዘጋጃ ቤት ቤት ማግኘት ማለት ድምፅ ማግኘት ማለት ነው፤ ቤቱን የሚያድለው ደግሞ ያው ምክር ቤት ነው። ለካቶሊክ ቤተሰብ ሌላ ቀበሌ ውስጥ ቤት መስጠት የምክር ቤቱን ሚዛን መንካት ስለሚሆን፣ ሰዎች በአንድ ክፍል ተጨናንቀው ለዓመታት ወረፋ ይጠብቁ ነበር። «ለአንድ ሰው አንድ ድምፅ» የሚለው መፈክር የመጣው ከዚህ ነው። ሰልፈኞቹ የአሜሪካ ጥቁሮችን ትግል በቴሌቪዥን ይከታተሉ ነበር፤ የሰልፉን ሥርዓት ከዚያ ተምረዋል፣ መዝሙሩንም ሳይቀር ወስደዋል።

በኦክቶበር 5 ቀን 1968 በደሪ የተደረገውን ሰልፍ ፖሊስ በቆመጥ በተነው፤ ካሜራ ስለነበረ ዓለም አየው። በኦገስት 1969 በቦግሳይድ ነዋሪዎችና በፖሊስ መካከል ለሦስት ቀን የዘለቀ ግጭት ተነሥቶ የብሪታንያ ጦር ገባ። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው፣ ጦሩ ሲገባ ብዙ ካቶሊኮች ከፖሊስ ያድነናል ብለው ሻይ እያቀረቡ መቀበላቸውን ነው። ያ ግንኙነት ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተበላሸ። በኦገስት 9 ቀን 1971 ያለ ፍርድ የማሰር አዋጅ ተግባራዊ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዕለት ብቻ 342 ሰዎች ከየቤታቸው ተወሰዱ። መረጃው ያረጀ ስለነበረ ብዙዎቹ ከታጣቂ ቡድን ጋር ግንኙነት ያልነበራቸው ናቸው፤ የዩኒየኒስት ታጣቂዎች ደግሞ አልተነኩም። የጃንዋሪው ሰልፍ ይህን ለመቃወም የተጠራ ነው።

ጥያቄ፦ ሰልፉ ሕገ ወጥ እንደነበር አንብቤያለሁ። ታዲያ መንግሥት ሕግ ማስከበሩ ጥፋቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ሰልፉ ሕገ ወጥ መሆኑ እውነት ነው፤ ከኦገስት 1971 ጀምሮ ማንኛውም ሰልፍ ተከልክሎ ነበር። ነገር ግን በክልከላ ላይ የወጣን ሰልፍ መበተን ወይም አዘጋጆቹን በኋላ መክሰስ አንድ ነገር ነው፣ መግደል ሌላ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ሕግ የሁለተኛውን ፈቃድ አይሰጥም። የከተማዋ የፖሊስ አዛዥ ፍራንክ ሌገን ራሳቸው ሰልፉ ይለፍ፣ መሪዎቹን ፎቶ አንሥተን በኋላ እንከሳለን የሚል ምክር ሰጥተው ነበር። ሰሚ አላገኙም።

ጥያቄ፦ የአየር ወለድ ወታደር ለጦር ሜዳ የሠለጠነ ነው። ለሰልፍ ማን ላከው?

መልስ፦ የሰሜን አየርላንድ የምድር ጦር አዛዥ የነበሩት ሜጀር ጄኔራል ሮበርት ፎርድ ናቸው። በደሪ የሰፈረው 8ኛ ብርጌድ የራሱ ወታደሮች ነበሩት፤ ከተማውንና ሰዉን የሚያውቁት እነርሱ ነበሩ። ፎርድ ግን ረባሽ ወጣቶችን በጅምላ እንዲይዝ ከቤልፋስት አካባቢ የአየር ወለዱን አንደኛ ሻለቃ አስመጡ። ይህ ሻለቃ ኃይል በማብዛት የታወቀ ነበር። ከስድስት ወር በፊት፣ በኦገስት 1971፣ በቤልፋስቱ ባሊመርፊ ሰፈር 10 ሲቪሎች ሲገደሉ በቦታው የነበረው ይኸው ሻለቃ ነው፤ የባሊመርፊ ሟቾች ሁሉ ፍጹም ንጹሓን መሆናቸውን የአስከሬን መርማሪ ፍርድ ቤት ያረጋገጠው ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ2021 ነበር።

ፎርድ በጃንዋሪ 7 ቀን ለበላያቸው በጻፉት ማስታወሻ ላይ፣ ሥርዓት ለመመለስ የሚያስፈልገው ዝቅተኛው ኃይል ከደሪ ወጣት ረባሾች መካከል መሪዎቹን መርጦ፣ ግልጽ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ መተኮስ ነው ወደሚል መደምደሚያ እየደረሱ መሆናቸውን ገልጸዋል። ይህ ሐሳብ ጸድቆ የዚያ ቀን ዕቅድ ሆነ ለማለት ማስረጃ የለም፤ ብዙ ሰው ከዚህ ማስታወሻ ተነሥቶ ግድያው በለንደን ታስቦበት ነው ይላል፤ ሰነዶቹ ግን እዚያ አያደርሱም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፤ አንድ ጄኔራል ድንጋይ ወርዋሪ ልጅን መተኮስ እንደ አማራጭ በወረቀት ላይ ሲያሰፍር የሚያስደነግጠው ሰው በዙሪያው አለመኖሩ።

ጥያቄ፦ ተኩሱን ማን አዘዘ?

መልስ፦ «ተኩሱ» የሚል ትእዛዝ ማንም አልሰጠም። የብርጌዱ አዛዥ ብርጋዴር ፓትሪክ ማክሌላን የሰጡት ትእዛዝ ውስን ነበር፤ ረባሾቹ ከሰላማዊ ሰልፈኞቹ ተለይተው ሲታዩ ግቡና ያዙ፣ በሮስቪል ጎዳና ግን እየተከተላችሁ አትዝለቁ የሚል ነው። የሻለቃው አዛዥ ሌተና ኮሎኔል ዴሪክ ዊልፎርድ ይህን ገደብ አልጠበቁም፤ የሻለቃውን የድጋፍ ሻምበል በሌላ ኬላ በኩል በተሽከርካሪ ሰደዱ፤ በዚያ በኩል የገባ ወታደር ደግሞ ረባሹን ከሰልፈኛው የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። ሻምበሉ ከገባ በኋላ ስሙ እንዳይገለጥ በጉባኤው ሰነድ ሌተናንት ኤን ተብሎ የተጠራው መኮንን በአንዲት ጠባብ መተላለፊያ ከሰዎች ራስ በላይ ተኮሰ። ይህ ተኩስ በሌላ በኩል ያሉትን ወታደሮች ጠላት እየተኮሰብን ነው ብለው እንዲያስቡ ሳያደርጋቸው አልቀረም። ከዚያ በኋላ የነበረውን አጣሪዎቹ ራስን የመግዛት ዲሲፕሊን መፍረስ ብለውታል።

እያንዳንዱ ወታደር ኪሱ ውስጥ መቼ መተኮስ እንደሚችል የሚደነግግ ቢጫ ካርድ ነበረው። ካርዱ የሚለው በቀላሉ፣ መሣሪያ ወይም ቦምብ ይዞ ጉዳት ሊያደርስ የተዘጋጀን፣ ለይተህ ያየኸውን ሰው ካልሆነ አትተኩስ፣ ሲቻልም አስጠንቅቅ ነው። ማስጠንቀቂያ የሰጠ ወታደር አልነበረም።

ጥያቄ፦ እውነቱን ንገሩን፤ ከሰልፈኞቹ መካከል የታጠቀ አልነበረም?

መልስ፦ በአካባቢው ታጣቂዎች ነበሩ፤ ይህን መሸፈን ተገቢ አይደለም። ወታደሮች ዊልያም ጎዳና ላይ የ15 ዓመት ልጅንና ጆን ጆንስተንን ካቆሰሉ በኋላ፣ የብሪታንያን አገዛዝ አስወግዶ አየርላንድን ለማዋሐድ በመሣሪያ ይታገል ከነበረው ከአይ.አር.ኤ. (የአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር) ክንፎች አንዱ ከሆነው፣ ኦፊሻል አይ.አር.ኤ. ከሚባለው ቡድን አንድ ሰው ወደ ወታደሮቹ አንድ ጥይት ተኩሶ የቤት አሸንዳ መትቷል። በኋላ የሰሜን አየርላንድ ምክትል ቀዳሚ ሚኒስትር የሆኑት ማርቲን ማክጊነስ በዚያ ቀን ምናልባት አውቶማቲክ መሣሪያ ይዘው ሳይሆን እንደማይቀር የሳቪል ጉባኤ ጽፏል፤ ለወታደሮቹ ተኩስ ምክንያት የሚሆን ነገር እንዳላደረጉም በዚያው ጨምሯል።

አከራካሪው የጄራልድ ዶናሂ ነገር ነው። የ17 ዓመቱ ልጅ አስከሬን ኪስ ውስጥ አራት የምስማር ቦምቦች ተገኝተዋል ተባለ፤ ቀደም ብሎ የመረመረው የጦሩ ሐኪም ግን አላያቸውም ነበር። ቤተሰቡ ፖሊስ ያስቀመጠው ነው ይላል። ጉባኤው ደግሞ ምናልባት ኪሱ ውስጥ ነበሩ፣ ነገር ግን የተመታው በቦምቦቹ ምክንያት አይደለም፣ ሊያመልጥ ሲል ነው ብሏል። የትኛውንም ብንቀበል ውጤቱ ያው ነው፤ ከሞቱትና ከቆሰሉት መካከል በተተኮሰበት ቅጽበት ለወታደር ሕይወት አስጊ የነበረ አንድም ሰው አልተገኘም።

ጥያቄ፦ ሰዎቹ እንዴት እንደሞቱ በዝርዝር ሊነግሩን ይችላሉ? ቁጥር ብቻ ሲሆን አይገባኝም።

መልስ፦ የሁሉንም ለመተረክ ቦታው አይበቃም፤ የጥቂቶቹን እነሆ።

ጃኪ ዳዲ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ወታደሮቹ ሲገቡ ከሮስቪል አፓርታማዎች ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ ሲሮጥ ተመታ። በአጠገቡ ይሮጡ የነበሩት የካቶሊክ ካህን አባ ኤድዋርድ ዴሊ ተመልሰው አጠገቡ ተንበረከኩ፣ የመጨረሻውን ጸሎት አደረሱለት። ከዚያ ሌሎች ሰዎች ልጁን ተሸክመው ሲወጡ፣ ካህኑ ጎንበስ ብለው ደም የነካውን ነጭ መሐረብ እያውለበለቡ ከፊት መሩ። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ታየ። ዴሊ ከሁለት ዓመት በኋላ የደሪ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ።

በርናርድ ማክጊጋን የ41 ዓመት ሰውና የልጆች አባት ነበሩ። ከአፓርታማዎቹ ጥግ ከሌሎች ጋር ተጠልለው ሳለ ፓትሪክ ዶሄርቲ የተባለው ሰው ሜዳው ላይ ወድቆ ብቻዬን አትተዉኝ እያለ ሲጣራ ሰሙ። ሰዎች እንዳይወጡ ለመኗቸው። እርሳቸው ግን ነጭ ጨርቅ ይዘው ወጡ፤ ጥቂት እንደ ተራመዱ ጭንቅላታቸውን ተመትተው ወደቁ።

በሮስቪል ጎዳና ላይ በነበረው የድንጋይና የቁርጥራጭ ክምር ዘንድ የ19 ዓመቱ ዊልያም ናሽ ሲወድቅ አባቱ አሌግዛንደር ናሽ ልጃቸውን ሊያነሡ ሲሄዱ እርሳቸውም ቆሰሉ። ወታደሮች በኋላ የልጁንና የሌሎች ሁለት ወጣቶችን አስከሬን አንሥተው ብረት ለበስ ውስጥ ወረወሩ። ይህ የመጫን ጉዳይ በኋላ ማስረጃ ሆኖ ስለሚመለስ አስታውሱት።

በግሌንፋዳ ፓርክ የ22 ዓመቱ ጂም ሬይ ከተመታ በኋላ መሬት ላይ ወድቆ ሳለ ሁለተኛ ጥይት ጀርባውን መታው። ከዚያ አለፍ ብሎ ጄራርድ ማኪኒ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ እንዳነሡ ተመቱ፤ ያው ጥይት አልፎ ጄራልድ ዶናሂን ገደለ።

ጥያቄ፦ መንግሥት ወዲያው አጣሪ ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር አይደል? ያ ለምን አልበቃም?

መልስ፦ ከጠየቃችሁኝ ሁሉ ዋናው ይህ ይመስለኛል። ጥይቱ የቆየው 10 ደቂቃ ነው፤ ያንን ተከትሎ የተጻፈው ሰነድ ግን 38 ዓመት ቆየ።

ጠቅላይ ሚኒስትር ኤድዋርድ ሂዝ የእንግሊዝን ጠቅላይ ዳኛ ሎርድ ዊጀሪን ሾሙ። ሹመቱ በተነገረበት ውይይት ላይ ሂዝ ለዳኛው፣ በሰሜን አየርላንድ የምንዋጋው ወታደራዊ ጦርነት ብቻ ሳይሆን የፕሮፓጋንዳ ጦርነት ጭምር መሆኑ መዘንጋት የለበትም ማለታቸው በቃለ ጉባኤው ተመዝግቧል፤ ወረቀቱ የወጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ዊጀሪ በደሪ ሳይሆን ኮልሬን በምትባል ሌላ ከተማ ተቀመጡ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጨርሰው በኤፕሪል 1972 ሪፖርታቸውን አቀረቡ። ከሲቪል ምስክሮች የተሰበሰቡ በመቶ የሚቆጠሩ ጽሑፎች ቀርበውላቸው አብዛኞቹን አልተመለከቱም።

መደምደሚያቸውም ይህ ነበር፤ መጀመሪያ የተተኮሰው በወታደሮቹ ላይ ነው፤ ሰልፉን የጠሩ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ሞት ባልነበረ፤ የአንዳንድ ወታደር ተኩስ ግን ለግድየለሽነት የቀረበ ነበር። ከሟቾቹ መካከል ሲተኩስ ወይም ቦምብ ሲይዝ የታየ መኖሩ አልተረጋገጠም ካሉ በኋላ፣ አንዳንዶቹ ከሰዓት በኋላ መሣሪያ ሳይተኩሱ ወይም ቦምብ ሳይነኩ እንዳልቀሩ ብርቱ ጥርጣሬ አለኝ ሲሉ ጻፉ። ይህ ጥርጣሬ የተመሠረተው በሟቾቹ እጅና ልብስ ላይ በተገኘ፣ ከተተኮሰ መሣሪያ በሚወጣ የእርሳስ ብረት ብናኝ ነው። ወታደሮች በተኮሱበት እጃቸው ጎትተው ብረት ለበስ ላይ የጫኑት አስከሬን ብናኝ ቢገኝበት ምን ይደንቃል? ምርመራው ዋጋ እንደሌለው ዘግይቶ ታመነ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ዊጀሪ ራሳቸው ማመን ያቃታቸው ምስክርነት ነበር። ወታደር ኤች የተባለው 22 ጥይት ተኩሶ፣ 19ኙን በአንድ መስኮት ወደ ታየው ታጣቂ ተኮስሁ አለ። በዚያ ሁሉ ጥይት የተበሳሳ መስኮት በአካባቢው አልነበረም። ዳኛው 19ኙ ጥይቶች የት እንደ ደረሱ አይታወቅም ብለው ጻፉና አለፉ። 13 ሰው በሞተበት ቦታ 19 ጥይት የት ገባ የሚለውን ያልተከታተለ ዳኛ ምን ሊያጣራ እንደ ተቀመጠ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ለቤተሰቦቹ ይህ ሁለተኛ ግድያ ነበር። ልጃቸው ሞቷል፤ በዚያ ላይ ቦምብ ወርዋሪ የሚል ስም በመንግሥት ማኅተም ተለጥፎበታል። በ1973 የአስከሬን ምርመራውን የመሩት፣ ራሳቸው የቀድሞ የጦር መኮንን የሆኑት ሁበርት ኦኒል፣ ጦሩ በዚያ ቀን ያደረገው ግልጽና ያልተቀላቀለ ነፍስ ግድያ ነው ብለው ተናገሩ፤ ያ ግን የዊጀሪን ሪፖርት የሚሽር ሥልጣን አልነበረውም።

ጥያቄ፦ ወዲያው የተከተለው ፖለቲካዊ ውጤትስ?

መልስ፦ በማግስቱ ወጣቷ የፓርላማ አባል በርናዴት ዴቭሊን የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩን ሬጂናልድ ሞድሊንግን በምክር ቤቱ ውስጥ በጥፊ መታቻቸው፤ በቦታው የነበረች የዓይን ምስክር ሆና ሳለ እንዳትናገር ተከልክላ ነበር። በፌብሩዋሪ 2 ቀን በደብሊን የብሪታንያ ኤምባሲ ተቃጠለ። በማርች ወር የሰሜን አየርላንድ ፓርላማ ታግዶ ግዛቱ በቀጥታ ከለንደን መተዳደር ጀመረ። አይ.አር.ኤ. የሚመለምለው ወጣት አላጣም፤ 1972 ከግጭቱ ዓመታት ሁሉ ብዙ ሰው የሞተበት ሆነ።

ጥያቄ፦ ሁለተኛው ምርመራ 12 ዓመትና ወደ 200 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጀ ይባላል። ይህ ብክነት አይደለም?

መልስ፦ ወደ 195 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ገንዘቡ ብዙ ነው፤ ጠበቆችም ጥሩ በልተውበታል። ነገር ግን ሒሳቡ መጫን ያለበት በመጀመሪያው ሪፖርት ላይ ነው፤ በ1972 በትክክል ቢሠራ ኖሮ ሁለተኛው ባላስፈለገ።

ጉባኤውን በጃንዋሪ 1998 ያወጁት ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ናቸው፤ የሰላም ድርድሩ ሊቋጭ የተቃረበበት ወቅት ነበር። ዳኛ ሎርድ ሳቪል ከካናዳና ከአውስትራሊያ ዳኞች ጋር ተቀምጠው፣ ከ900 በላይ ምስክሮችን በአካል ሰሙ፤ አብዛኛው ችሎት በዚያው በጊልድሆል ነበር፤ ወታደሮቹ ግን ለደኅንነታችን እንሰጋለን ብለው በፍርድ ቤት ስለተፈቀደላቸው በለንደን መሰከሩ። በ10 ጥራዝ የተዘጋጀው ሪፖርት በጁን 15 ቀን 2010 ወጣ። ወታደሮቹ ካቆሰሏቸውና ከገደሏቸው አንዱም አስጊ አልነበረም፤ ብዙዎቹ የተመቱት ሲሸሹ ወይም የወደቀ ሰው ሲረዱ ነው፤ ብዙ ወታደሮችም እያወቁ ሐሰት መስክረዋል አለ።

በዚያ ቀን ቤተሰቦቹ ሪፖርቱን አስቀድመው እንዲያነቡ ጊልድሆል ውስጥ ገብተው ነበር። ውጭ አደባባዩ ላይ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይጠብቃል። ማንም ቃል ከመናገሩ በፊት በአዳራሹ መስኮቶች በኩል እጆች ወጥተው አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ ሲያነሡ ሕዝቡ ነገሩ ገባው፤ ጩኸቱም አስተጋባ። ጥቂት ቆይቶ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን በፓርላማ ቆመው፣ የሆነው ነገር ምክንያት ያልነበረው፣ ምክንያት ሊሰጠውም የማይችል ነው፣ በመንግሥትና በሀገራችን ስም በጥልቅ አዝናለሁ ሲሉ በግዙፍ ስክሪን ታዩ። የብሪታንያ ወግ አጥባቂ ጠቅላይ ሚኒስትር በደሪ አደባባይ ሲጨበጨብላቸው አያለሁ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ከተረጋገጠ በኋላ የተፈረደበት ሰው አለ?

መልስ፦ የለም። ፖሊስ ምርመራ አድርጎ የ17 የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ ለዓቃቤ ሕግ አቀረበ፤ በማርች 2019 እንዲከሰስ የተወሰነው አንዱ፣ ወታደር ኤፍ ተብሎ የሚጠራው፣ ብቻ ነበር። ክሱ በጂም ሬይና በዊልያም ማኪኒ ግድያ እንዲሁም በሌሎች ላይ በተደረገ የግድያ ሙከራ ነው። በ2021 ዓቃቤ ሕግ ክሱን አቋርጦ፣ በ2022 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ስለ ሻረው ቀጠለ። ችሎቱ በቤልፋስት ያለ ዳኞች ሸንጎ በአንድ ዳኛ ታየ፤ ተከሳሹ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀመጠ፣ የምስክርነት ቃልም አልሰጠም። በኦክቶበር 23 ቀን 2025 ዳኛ ፓትሪክ ሊንች በነጻ አሰናበቱት።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ሳቪል ተሳስተው ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሁለቱ የተጠየቁት የተለያየ ጥያቄ ነው። ሳቪል የተጠየቁት ምን ሆነ የሚለውን ነው፤ ሰዎች እውነቱን እንዲናገሩ ሲባልም ለጉባኤው የሰጡት ቃል በራሳቸው ላይ ማስረጃ ሆኖ እንደማይቀርብ መንግሥት ቃል ገብቶላቸው ነበር። ስለዚህ ተከሳሹ ለጉባኤው ያመነው ነገር ሁሉ ለወንጀል ችሎቱ እንዳልተባለ ይቆጠራል። ዓቃቤ ሕግ የቀረው፣ አብረውት የነበሩት ሁለት ወታደሮች፣ ወታደር ጂ እና ወታደር ኤች፣ በ1972 የሰጡት ጽሑፍ ነው። ጂ ሞቷል፤ ኤች ደግሞ በችሎቱ ለመናገር አልፈቀደም፤ 19 ጥይት በአንድ መስኮት ተኮስሁ ያለው ይኸው ኤች መሆኑን ልብ ይሏል። ዳኛው በሐሰተኞች ቃል ላይ ተመሥርቶ፣ ያውም መስቀለኛ ጥያቄ ሳይቀርብላቸው፣ ሰው አይቀጣም አሉ። ሕጉን በማየት ውሳኔው የሚያስገርም አልነበረም፤ ቤተሰቦቹም ቢሆኑ ቅሬታቸውን በአብዛኛው ያነሡት በዘገየው መንግሥት ላይ ነው።

እኚሁ ዳኛ በዚያው ውሳኔ ወታደሮቹ ወታደራዊ ዲሲፕሊናቸውን ሙሉ በሙሉ እንደ ጣሉ፣ በብሪታንያ ከተማ ጎዳና ላይ የሚሸሹ ያልታጠቁ ሲቪሎችን ከጀርባ እንደ ተኮሱ፣ ይህን ያደረጉም አንገታቸውን ሊደፉ እንደሚገባ ተናግረዋል። ማን እንደ ገደለ ለማስረዳት የሚያስችለው ማስረጃ፣ ምስክሩም ጠመንጃውም በእጅ ሳሉ፣ በ1972 መሰብሰብ ነበረበት። ያን ጊዜ ወታደሮቹን የጠየቋቸው የጦሩ የራሱ ፖሊሶች ነበሩ፤ በአዛዥ ትእዛዝ የተሰጠ ቃል ስለሆነም በተናጋሪው ላይ ሊቀርብበት አይችልም ነበር።

ጥያቄ፦ ተራው ወታደር ተከሰሰ። አዛዦቹስ?

መልስ፦ ሳቪል ፎርድን የወቀሷቸው ጠባዩን እያወቁ ያንን ሻለቃ በመምረጣቸው ነው፤ ሰው ይሞታል ብለው ግን እንዳልገመቱ ተቀብለዋል። ማክሌላንን ነጻ አድርገዋል። ዊልፎርድ የተሰጣቸውን ትእዛዝ እንዳልፈጸሙ፣ ወታደሮቻቸውንም መላክ እንዳልነበረባቸው በግልጽ ጽፈዋል። ኮሎኔሉ በዚያው በ1972 ከንግሥቲቱ ኒሻን ተቀብለው ነበር፤ በ2023 እስኪሞቱ ድረስም ወታደሮቼ ትክክል ነበሩ ሲሉ ኖሩ። ወታደር ኤፍ በወቅቱ የአስር አለቃነት ደረጃ እንኳ ያልሞላ ነበር፤ ከዚያ ቀን ግድያ ጋር በተያያዘ ለፍርድ የቀረበ አንድም መኮንን የለም።